በረንዳ ላይ አትክልት በባልዲ፣ ከልጆች ጋር፦ ከየት ይጀመራል?

ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ። በረንዳችን ላይ ከልጆቼ ጋር አትክልት ለመትከል አስበናል። ሴቷ 8 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 4። እኔ ስለ አፈር የማውቀው የለም። በረንዳው ጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ ከቀትር በኋላ ጥላ ይሆናል። እጃችን ላይ ያሉት ሁለት ባለ 20 ሊትር ባልዲዎችና ጥቂት ጥልቀት የሌላቸው የፕላስቲክ ሳጥኖች ናቸው። ልጆቹ ቲማቲምና ካሮት ይሁን ብለዋል። ምን እንትከል? አፈሩ ከምን ይደባለቅ? በቀን ስንት ጊዜ ይጠጣ? ከሥራው ውስጥስ ለልጆቹ የትኛው ይሰጥ?

አባ ብስባሽ

እንኳን ደህና መጣሽ ማለዳ። መጀመሪያ ፀሐዩን ለኪ፣ ሌላው ሁሉ በሱ ይወሰናል። ቲማቲም፣ ቃሪያና ዝኩኒ የመሳሰሉት ፍሬ የሚሰጡት በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ፣ 8 ቢያገኙ ይመርጣሉ። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ራዲሽ (ቶሎ የሚደርስ ትንሽ የሥር አትክልት) በ4 ወይም 5 ሰዓት ይሆናሉ። ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን 3 ወይም 4 ሰዓት ካገኙ አያማርሩም።

ግምት ግን ያሳስታል። «ጠዋት ፀሐይ አለ» የሚባለው በረንዳ ሲለካ 3 ሰዓት ብቻ ሆኖ ይገኛል። ለልጅቷ ጠመኔ ስጫትና በየሰዓቱ የጥላውን ጠርዝ ወለሉ ላይ ታስምር። ማታ መስመሮቹን ስትቆጥር የትኛው ጥግ ስንት ሰዓት እንዳገኘ ይታወቃል። ከ6 ሰዓት በታች ከሆነ ቲማቲሙን ተዪው። ቅጠሉ ያምራል፣ ቁመቱ ይረዝማል፣ ፍሬው ግን የለም፤ ልጆቹም የሚጠብቁት ፍሬውን ነው።

የጓሮ ሰው

ስለ ዕቃው ልጨምር። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ዕቃ በማሳነስ ነው። ትንሽ ዕቃ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎ ይግላል፣ ምግቡም ቶሎ ያልቃል።

ቲማቲም በአንድ ባለ 20 ሊትር ባልዲ አንድ ተክል ብቻ ይገባል። ሁለት ብታደርጉ የሁለቱም ምርት ተደምሮ የአንዱን ያህል ቢሆን ነው። ቁመቱ የሚገደብ አጭር ዝርያ ፈልጉ፣ ፍሬው ትናንሽ የሆነው ደግሞ ከሁሉም ይቀላል፤ ትልልቅ ፍሬ ያለው ዝርያ በዕቃ ውስጥ አስቸጋሪ ነው። ለአንድ ቃሪያ ከ10 እስከ 12 ሊትር ይበቃል። ካሮት 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይጠይቃል፣ ክብና አጭር ዝርያ ከተገኘ ግን 15 ሴንቲ ሜትርም ይሆናል። ሰላጣና ራዲሽ በ15፣ ቆስጣ ከ20 እስከ 25፣ ቁጥቋጦ ፎሶሊያ በ20 ሴንቲ ሜትር ደህና ይበቅላሉ። ስለዚህ ሳጥኖቻችሁ ለሰላጣና ለራዲሽ፣ ባልዲዎቹ ለሌላው።

ዕቃው ከዚህ በፊት ምን እንደያዘ እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትጠቀሙበት። የቀለም፣ የጸረ ተባይ ወይም የሞተር ዘይት የነበረበት ዕቃ በምንም ቢታጠብ ለሚበላ ነገር አይሆንም። ምስጥ እንዳይበላው በኬሚካል የተነከረ አሮጌ እንጨትም እንዲሁ፤ ከነዚህ ውስጥ አርሰኒክ ያለባቸው አሉ።

ቁፋሮ

ቀዳዳ ሳይበሱ መትከል ማለት ተክሉን ማስጠም ነው። ለባለ 20 ሊትር ባልዲ ከሥሩ ከ6 እስከ 8 ቀዳዳ፣ የእያንዳንዱ ስፋት ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር። ባልዲውን ገልብጣችሁ ከውስጥ የእንጨት ቁራጭ ደግፉና በድሪል ብሱት፣ ያለ ድጋፍ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ድሪል ከሌለ የጋለ ወፍራም ሚስማር ይሠራል፤ እሱ ግን የአዋቂ ሥራ ነው፣ ጭሱም ስለሚጎዳ ደጅ ይሁን። አፈሩ እንዳይወጣ ቀዳዳዎቹ ላይ የትንኝ መከላከያ መረብ ቁራጭ አንጥፉ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ ባልዲው ወለሉ ላይ ልጥፍ ብሎ ከተቀመጠ ቀዳዳዎቹ ተደፈኑ ማለት ነው። በሦስት ጣውላ ቁራጭ ወይም በጡብ ስባሪ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት።

የቅጠል ጥላ

ከቀዳዳው በላይ ደግሞ አንድ እፍኝ ጠጠር ይደረግ፣ ውሃው ደህና እንዲወርድ።

ቁፋሮ

በዚህ አልስማማም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሰፋፊ ክፍተት በቀላሉ አይወርድም። አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ያው ረግረጉ አይጠፋም፣ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ሥሩ ይጠጋል እንጂ። ሥሩ የሚኖርበት ቦታም ያንኑ ያህል ያንሳል። ውሃ የሚያሳልፈው የአፈሩ ድብልቅ ነው፣ ታች የተጠራቀመው ጠጠር አይደለም።

የቅጠል ጥላ

እሺ፣ ባልዲው በንፋስ እንዳይወድቅ ለክብደትስ?

ቁፋሮ

ለክብደት ከሆነ ከውጭ አስደግፉት። እርጥብ አፈር በሊትር ከ1 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የጠጣ ባለ 20 ሊትር ባልዲ በራሱ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። በቀላሉ አይወድቅም። እንዲያውም ዕቃ የምታበዙ ከሆነ በረንዳው የሚሸከመውን አስቡበት፤ ባልዲዎቹ መሀል ላይ ከሚከማቹ በግድግዳው ሥር ቢደረደሩ ይሻላል።

አባ ብስባሽ

ወደ አፈሩ። ከመሬት የተቆፈረ አፈር ብቻውን ባልዲ ውስጥ አይሆንም። መሬት ላይ ትሉም፣ ሥሩም ያላሉታል። ባልዲ ውስጥ ግን ውሃ በላዩ ላይ በተደፋ ቁጥር እየጠበቀ ሄዶ ጡብ ይሆናል። ድብልቁ በስፍር፦ 1 እጅ አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ 1 እጅ የሚያላላ ነገር። የሚያላላው ፐርላይት (ነጭ፣ በጣም ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ)፣ የኮኮናት ቃጫ ወይም ሻካራ የወንዝ አሸዋ ሊሆን ይችላል። ደቃቅ የግንባታ አሸዋ አታድርጊ፣ ከሸክላማ አፈር ጋር ሲገናኝ ክፍተቱን ይደፍነዋል።

ብስባሹ መብሰሉን አሽትተሽ እወቂ። የዝናብ አፈር የሚሸት፣ ጥቁር፣ ከምን እንደተሠራ የማይለይ ከሆነ ደርሷል። የሚሞቅ ወይም ከረር ያለ የሽንት ዓይነት ሽታ ያለው ከሆነ ገና ነው፣ ሥር ያቃጥላል። ያልበሰለ ፍግ ደግሞ ልጆች ባሉበት አይገባም፣ ተቅማጥ የሚያመጡ ተህዋስያን አሉበት። ከአፈር ጋር ለሚነካካ አትክልት ጥሬ ፍግ ከገባ እስከ መልቀሚያው ቢያንስ 120 ቀን መቆየት እንዳለበት የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንቦች ያዛሉ፤ ራዲሽ ደግሞ በ30 ቀን ይበላል።

ድብልቁን ለመፈተን ጨበጥ አርጊው። እርጥቡን እፍኝ ጨምቀሽ መዳፍሽን ክፈቺ። ቅርጹን ይዞ በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ደህና ነው። እንደ ሊጥ ከያዘ የሚያላላ ጨምሪ፣ ጭራሽ ካልያዘ ብስባሽ። ይህን ለትንሹ ስጪው፣ የ4 ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ሥራ አያገኝም። ደረቁን ብናኝ ግን ወደ ውስጥ አይተንፍሱት። ከመደባለቃችሁ በፊት ውሃ አርከፍክፉበት፣ ከከረጢት የሚወጣ አፈር ሲቦን ሳንባ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ባልዲውን ከአፉ 4 ሴንቲ ሜትር አጉድላችሁ ሙሉ፣ ያ ቦታ ለውሃ ነው።

ጠል

ማለዳ፣ ስለ ምርጫው። ልጆቹ ካሮት ይሁን ማለታቸው ይገባኛል፣ ግን ካሮት ለመብቀል ብቻ ከ10 እስከ 21 ቀን ይፈጃል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ የአፈሩ ገጽ አንድ ቀን እንኳ መድረቅ የለበትም። ለልጅ ትዕግሥት የማይሆን ነገር ነው። ካሮቱ፣ ክብና አጭሩ ዝርያ፣ ሳጥን ውስጥ ይዘራ፣ ግን ብቻውን አይሁን። እዚያው ሳጥን ውስጥ ራዲሽ ጣልቃ ይግባ። ራዲሽ ከ3 እስከ 5 ቀን ብቅ ይላል፣ ከ25 እስከ 30 ቀን ይነቀላል። ሲነቀል አፈሩን አላልቶ ለካሮቱ ቦታ ይለቅለታል።

ለትንሹ ልጅ ደግሞ ፎሶሊያ ወይም አተር። ዘሩ ትልቅ ስለሆነ በጣቱ ይይዘዋል። እርሳስ ላይ ከጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ በቀለም ምልክት አድርጉለት፣ እስከ ምልክቱ ወግቶ አንድ ዘር ይጣልና ይድፈን። ለሌላ ዘር ሁሉ ጥልቀቱ የዘሩ ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ነው። ሰላጣ ከዚህ ይለያል፤ ለመብቀል ብርሃን ስለሚወድ ላዩ ላይ ነስንሶ 3 ሚሊ ሜትር አፈር መበተን ይበቃል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ደግሞ ብዙው የሰላጣ ዘር አይበቅልም። ዘሩ ሞቶ አይደለም፣ ቀዝቀዝ እስኪል ይጠብቃል።

የካሮትን ዘር ልጅ ሲበትነው አንድ ቦታ ይከመራል። 1 ማንኪያ ዘር ከ10 ማንኪያ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ ክዳኗ በተበሳ ትንሽ ጣሳ እንዲነሰንሱት አድርጉ።

የጓሮ ሰው

ስለ ዘር ሁለት ማስጠንቀቂያ። ሐምራዊ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር በጸረ ፈንገስ የታሸ ነው፤ ለልጅ እጅ አይሰጥም። ጥሬ የደረቀ የፎሶሊያና የቦሎቄ ዘር ደግሞ ሳይቀቀል ከተዋጠ ኃይለኛ ትውከት የሚያመጣ መርዝ አለበት፣ በተለይ ቀዩ። ስለዚህ የዘር ቀን ዘሩ ተቆጥሮ ይሰጥ፣ ተቆጥሮ ይመለስ።

ማለዳ

በጣም አመሰግናለሁ። እንግዲህ ራዲሽ ከካሮት ጋር፣ ሰላጣ በሳጥን፣ ፎሶሊያ በአንድ ባልዲ፣ ፀሐዩ ከበቃ ቲማቲም በሌላው። ቲማቲሙን ከዘር ነው ወይስ ከችግኝ የምንጀምረው? ውሃውስ? ወንዱ ልጅ ማጠጫ ከያዘ አይለቅም።

ጠል

ከዘር። ከዘር እስከ ፍሬ ያለውን ሁሉ ልጅ ካላየ ምኑን ተማረ?

አባ ብስባሽ

ጠል፣ ለፎሶሊያው ይሁን፣ ለቲማቲሙ ግን አልደግፍህም። ከዘር ወደ ባልዲ እስኪዛወር ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ከዚያ እስከ መጀመሪያው ፍሬ ሌላ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ችግኝ ይግዙ። ሲመርጡ ረጅሙን ትተው አጭርና ወፍራም ግንድ ያለውን፣ አበባ ያላወጣውን፣ ቅጠሉ ሥር ነጭ ዝንብ የሌለውን ይውሰዱ።

ማለዳ፣ ስትተክዪ የታችኞቹን ቅጠሎች ቆርጠሽ ግንዱን እስከ ቀሪዎቹ ቅጠሎች አንገት ድረስ ቅበሪው። ከተቀበረው ግንድ አዲስ ሥር ይወጣል። ይህ የሚሠራው ለቲማቲም ነው፣ ሰላጣ እንዲህ ቢቀበር ይበሰብሳል። መደገፊያ እንጨቱን ደግሞ በተከላው ቀን አስገቢ፣ ኋላ ከሆነ ሥር ትወጊያለሽ።

ቁፋሮ

ውሃን በሰዓት ቆጥሮ ማጠጣት አይሠራም። ጣት ይግባ። አዋቂ ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ፣ የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ ሙሉ ጣቱን ቢያስገባ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጫፉ ላይ እርጥበት ከተሰማው ዛሬ አይጠጣም። ደረቅ ከሆነ ከታች እስኪፈስ ድረስ ይጠጣል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መንካት ከሁሉ የባሰ ነው፤ ላዩ ብቻ ይረጥባል፣ ሥሩም ላይ ላዩን ይቀራል፣ አንድ ሞቃት ቀን ሲመጣ ይጠወልጋል።

ልጁን ማጠጫ መከልከል አያስፈልግም። 1 ሊትር ብቻ የሚይዝ ማጠጫ ይሰጠውና የእሱ ድርሻ ያ ይሁን። ጣቱን ሳይሰድ ውሃ እንደማይቀዳ አስለምዱት። በተረፈው ውሃ የበረንዳውን ወለል ያጥብ፣ ማንም አይጎዳም።

አፈሩ ጨርሶ ከደረቀ ውሃ አይቀበልም። በባልዲውና በአፈሩ መሀል በተከፈተው ስንጥቅ ይወርድና ከታች ይፈስሳል፣ «ጠጣ» ትላላችሁ፣ ውስጡ ግን ዱቄት ነው። ያኔ ዕቃውን ውሃ ያለበት ገበቴ ውስጥ ለ30 ደቂቃ አስቀምጡት፣ ከታች ይስባል።

በቀትር ቅጠል ቢያዘነብልም አትደንግጡ። ማታ ከተቃና ሙቀቱ ነው። ማለዳም ተኝቶ ከተገኘ ውሃ ጎድሏል፣ ወይም ደግሞ በዝቶ ሥሩ በስብሷል። ጣት ይለየዋል።

የጓሮ ሰው

በረንዳ ስለሆነ ይህ ሳይባል እንዳይታለፍ። ባልዲ ከበረንዳው አጥር አጠገብ አይቀመጥ፣ ለልጅ መወጣጫ ነው። ውሃ የያዘ ባልዲም ክፍት ሆኖ አይደር። ትንሽ ልጅ ጭንቅላቱ ስለሚከብድ ባልዲ ውስጥ ከወደቀ ራሱን ማውጣት ይቸግረዋል። የቲማቲምና የድንች ቅጠል እንደማይበላ አሁኑኑ ይነገራቸው፣ ፍሬው የሚበላ ስለሆነ ቅጠሉም ይመስላቸዋል። የሚያቃጥል ቃሪያ ካለ የሚቀጥፈው አዋቂ ይሁን፣ ልጅ እጁን ወደ ዓይኑ ሳይወስድ አይውልም።

ፍሬ ሕይወት

ጥያቄ ልሰንቅር። የእኔ የሰላጣ ቡቃያ ደህና ይወጣና ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቀጥኖ ይወድቃል። አንድ ጥግ ይጀምርና በማግስቱ ግማሹ ሳጥን ተኝቶ ይገኛል። ምንድን ነው?

ጠል

የአፈር ፈንገስ ነው። እርጥበት ሲበዛ፣ ቡቃያ ሲጠጋጋና አየር ሲጠፋ ይነሳል። የወደቁት አይድኑም፣ ከነአፈራቸው በማንኪያ አውጥተሽ ጣያቸው። የቀሩትን አየር ወዳለበት አውጪያቸው፣ ላዩ ነጣ እስኪል አታጠጪ። ካጠጣሽም ሳጥኑን ውሃ ውስጥ አስቀምጠሽ ከታች ይሳብ። በሚቀጥለው ጊዜ አሳስተሽ ዝሪ።

ሲጠጋጋ ደግሞ ማሳሳት የግድ ነው። ራዲሽ ከ3 እስከ 5፣ ካሮት ከ4 እስከ 5፣ ሰላጣና ቆስጣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ። በመንቀል ሳይሆን በመቀስ ከአፈሩ ጋር እኩል በመቁረጥ፤ ሲነቀል የጎረቤቱን ሥር ይዞ ይወጣል። የተቆረጠው የሰላጣና የራዲሽ ቡቃያ ታጥቦ ይበላል፣ ልጆች ስለሚያዝኑለት ይህን መንገር ይረዳል። ሳይሳሳ የቀረ ራዲሽ ቅጠል ብቻ ይሆናል።

ማለዳ

ማዳበሪያስ? ብስባሹ አይበቃም?

አባ ብስባሽ

ለሰላጣና ለራዲሽ ይበቃል። ለቲማቲም አይበቃም። ውሃ ከታች በፈሰሰ ቁጥር ምግቡን ይዞ ይወርዳል፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አፈሩ ይራቆታል። ምልክቱ የታችኞቹ ቅጠሎች መገርጣት ነው። ከዚያ በኋላ ለፍሬ የሚሆን፣ ፖታሲየሙ ከናይትሮጅኑ ከፍ ያለ ፈሳሽ ማዳበሪያ በየ10 ወይም 14 ቀኑ፣ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ግማሹን። አፈሩ እርጥብ ሲሆን እንጂ በደረቅ ላይ አይፈስስም። ዩሪያ ባልዲ ውስጥ አልመክርም፣ ትንሽ ስትበዛ ሥር ታቃጥላለች፣ ሳታቃጥልም ቅጠል እንጂ ፍሬ አታመጣም። ማዳበሪያ የሚለካውና የሚቀላቅለው አዋቂ ነው።

ቲማቲሙ ሲያፈራ የፍሬው ታች ጠቁሮ እንደ ቆዳ ቢሆን በሽታ ነው ብለሽ መድኃኒት አትርጪ። ካልሲየም ወደ ፍሬው አልደረሰም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ካልሲየሙ አፈሩ ውስጥ አለ፣ የሚጎድለው እሱን የሚያጓጉዘው ውሃ ነው፤ አንድ ሰሞን ደርቆ አንድ ሰሞን ሲጥለቀለቅ ይቋረጣል። የእንቁላል ቅርፊት መቅበር በዚያ ወቅት አይደርስልሽም። የጠቆሩትን ቅጠፊ፣ ውሃውን አስተካክዪ፣ አፈሩ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ጎዝጉዢ፣ የሚቀጥሉት ፍሬዎች ንጹሕ ይወጣሉ።

አበባው ፍሬ ሳይዝ የሚረግፍ ከሆነም የሌሊቱን ሙቀት እዩ። ከ13 ዲግሪ በታች ወይም ከ24 በላይ ሲሆን ይረግፋል። ነፋስ በማይደርስበት በረንዳ ደግሞ ረፋድ ላይ የአበባውን ዘለላ በጣት መታ መታ ማድረግ ብናኙን ያራግፈዋል። የልጅቷ ሥራ ይሁን።

የቅጠል ጥላ

ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ነፍሳት) ከመጣ ቅጠሉን ገልብጦ በውሃ ግፊት ማጠብ ይቀድማል። በየሁለት ቀኑ ሦስት ጊዜ ከታጠበ አብዛኛው ይጠፋል። ካልሆነ 1 የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በ1 ሊትር ውሃ፣ ማታ ማታ፣ መጀመሪያ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሮ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ክሽክሹ ላይኛው ቅጠል ሥር ነው፣ ጉንዳኖቹ ጣፋጩን ፈሳሽ ፍለጋ ይጠብቁታል።

ማለዳ

የመጨረሻ ጥያቄ። ከባልዲው ሥር ወለሉ እንዳይበላሽ ሳህን ልናደርግ ነው። ችግር አለው? ራዲሹ ከተነቀለ በኋላስ አፈሩ ይጣላል?

ቁፋሮ

ሳህኑ ይሁን፣ ግን ካጠጣችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተጠራቀመው ይደፋ። አንደኛ ሥሩ ይታፈናል። ሁለተኛ የወባ ትንኝና ሌላውም ትንኝ በቆመ ውሃ ውስጥ ከእንቁላል ተነስቶ ለመብረር፣ ሙቀት ካለ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል።

አፈሩ አይጣልም። ሥሩን ልቀሙ፣ ሲሶውን ያህል አዲስ ብስባሽ ቀላቅሉና መልሳችሁ ዝሩበት። ቲማቲም የነበረበት አፈር ላይ ግን በቀጣዩ ዙር ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ድንች አትመልሱ፣ በሽታቸው አንድ ነው። ፎሶሊያ ወይም ቆስጣ ይግባበት።